ቁልፍ ተሰጠኝ፤ ውጤቴ ግን ያው ነው

ባለፈው ሰሞን አንዲት የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ግቢያችን ውስጥ በአስተዳደር ሠራተኛነት እየሠራች ማስተርሷን የምትማር ናት። በእጇ በስቴፕለር የተያያዘ አምስት ገጽ መጠይቅ ይዛለች።

«መምህር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ» አለችኝ።

ርዕሱን አነበብኩት። የሠራተኞች መኖሪያ ቤት በሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ። ከሥር የተለመዱት አምስት ሳጥኖች ተደርድረዋል። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ተራ ቁጥር 7 እንዲህ ይላል፦ «ዩኒቨርሲቲው ቤት ስለሰጠኝ ሥራዬን በተሻለ ሁኔታ እሠራለሁ።»

እስክሪብቶዬ «እስማማለሁ» ላይ ደርሶ ቆመ። የማስተምረው ስታትስቲክስ ነው። እንዲህ ዓይነት መጠይቅ በየጊዜው ይመጣልኛል፤ ቶሎ ቶሎ ሞልቼ እመልሳለሁ። ይሄኛው ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ በሳጥን የሚያልቅ አልሆነም። «እስከ ሰኞ እኔ ጋ ይቆይ» አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። አልፈርድባትም፤ መጠይቅ «ይቆይ» ያለ ሰው መልሶ አያውቅም።

ሰኞ መልሼላታለሁ። ይህ ጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ያለኝ ትርፍራፊ ነው። የምሠራበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም። ወሎ ውስጥ ነው፤ ይበቃል።

ሥራ የጀመርኩት በረዳት ምሩቅነት ነው። ያኔ የግቢ ቤት ማሰብ ቅብጠት ነበር። ደላላ ይዞኝ ሲዞር ውሎ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ሰርቪስ ክፍል አገኘሁ፤ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን። ደሴን የማያውቅ ሰው ብርዷን ይንቃል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ናት። ሐምሌ ላይ ጭጋጉ በር ሲከፈት አብሮ ይገባል። የኔ ክፍል ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ዝናብ ሲመጣ የራሴን ድምፅ አልሰማም። ፈተና የማርመው ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር።

አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። ይህን አስቀድሜ ልበል፤ አከራይን ክፉ አድርጎ መጻፍ ቀላል ስለሆነ። በረመዳን ሾርባና ሳንቡሳ በሳህን ሸፍነው ይልኩልኛል። ጾም ከሆንኩ ሳንቡሳው በምስር ይሆናል፤ የኔን ጾም ከኔ የተሻለ ያስታውሱ ነበር። እሑድ ቡና ሲያፈሉ ካልመጣሁ በሬን ያንኳኳሉ። እስከ በረካ ሳልጠጣ መነሳት የለም። ዱዓቸው ውስጥ እኔም እገባለሁ፤ «ላስተማሪው ደግ ሚስት ስጠው» ይላሉ፣ እኔ ራሴ እዚያው ተቀምጬ።

ግን ቆጣሪው አንድ ነው። መብራት የምከፍለው በወር በቁርጥ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ጀሪካን ይዤ ስወጣ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ታበራለህ?»

«ፈተና እያረምኩ ነው እማማ።»

«አብሽር፣ እኔ ምን አልኩ» አሉና ቆጣሪውን አየት አደረጉት።

ከዚያ ቀን በኋላ መብራት በጊዜ ማጥፋት ጀመርኩ። ማንም አላስገደደኝም። የሰው ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ ነው፤ ሳይነገረው ያሳጥራል። የግቢው በር ምሽት ሦስት ሰዓት ይቆለፋል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ጥናት ጀምረን ነበር፤ ስብሰባችን ምሽት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል እኔ ጃኬቴን እደርባለሁ። ቀስ በቀስ ስብሰባው ያለኔ ሆነ። የጥናቱ ወረቀት ሲታተም ስሜ የለበትም። አልተጣላሁም፤ ልክ ነበሩ።

መስከረም ሲጠባ ኪራዩም ይጨምራል። እማማ ዓይኔን እያዩ አይናገሩትም። ልጃቸውን ነው የሚልኩት። በሁለተኛው ዓመት አልቻልኩም፣ ወጣሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀይሬያለሁ። ቤት የቀየረ ሰው ያውቀዋል፤ ከመለቀቁ በፊት አንድ ወር ፍለጋ፣ ከገቡ በኋላ አንድ ወር ካርቶን መፍታት። አንዱ የመጽሐፍ ካርቶኔ ከሁለተኛው ቤት እስከ አራተኛው ሳይፈታ ተጓዘ። ውስጡ ለማስተርስ የሰበሰብኩት መረጃ ነበር። ልጽፍበት ነበር። አልጻፍኩበትም።

አሁን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል የኪራይ ሕግ ወጥቷል። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን ይላል። ወረቀት ላይ ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ ያ ካርቶን ነው።

ከዚያ የእማማ ዱዓ ሠመረ፤ አገባሁ። ባለቤቴ ሥራዋ ኮምቦልቻ ነው። ጎጆ ወጣን፤ ኮምቦልቻ ተከራየን። እዚያ ሙቀት አለ፣ ልብስ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ጉንፋኔም ጠፋ። ቤት ግን ከደሴ አልቀለለም። በ2009 ዓ.ም ክረምት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ መቅጠር ጀምረው ነበር። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። የእያንዳንዳቸው ደመወዝ ከኔ በጣም ያንሳል። አራት ሆነው ሲያዋጡ ግን ይበልጡኛል። አንዱ አከራይ ፊት ለፊት ነገረኝ። «ጌታው፣ እርስዎ ሁለት ነዎት፤ እነሱ በነፍስ ወከፍ ይከፍላሉ።» ምን ይመለሳል? እነሱም የሚሄዱበት የላቸውም፣ እኔም የለኝም።

እና ሐረጎ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ምንም አይደለም። ግን ከ1,850 አካባቢ ተነስቶ 2,500 ሜትር ገደማ መውጣት ነው፤ ጥምዝምዙ ሐረጎ ነው። ክረምት ላይ ጭጋግ ሲወርድበት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መስመሩን ይፈልጋል። ፊታችን ከባድ መኪና ከቆመ ቆምን ማለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል አለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ነኝ። ረዳቱ ያውቀኛል፤ «አስተማሪው፣ ጋቢና አለችልህ» ይለኛል። በየቀኑ አይደለም።

ክፍሌን አልቀረሁም። አንድም ቀን። ይህ መታወቅ አለበት፤ የምናገረው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ሁለት ሰዓት ላይ ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ጭንቅላቴ ገና ሐረጎ ላይ ነው፤ ግን አፌ ያስተምራል። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ትንሽ ከቆየሁ የመመለሻው ሰልፍ ይረዝማል፣ ይመሻል።

ተማሪ ደግሞ መምህር የሚፈልገው መቼ ነው? ክፍል ሲያልቅ ነው። አሥር ተኩል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት በበሩ ሥር የገባ ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። «መምህር፣ ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ሦስት ጊዜ መጥቼ አጣሁዎት።» ስም ጽፏል፤ እዚህ አልጠቅሰውም። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በዚያ ሴሚስተር የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ስንት ነበር? ከመቶ 94።

ቅጹን አየሁት። በሰዓቱ ይገባል? አዎ። ኮርሱን ይሸፍናል? አዎ። ውጤት በጊዜ ያስገባል? አዎ። ተማሪዎች ሞሉ፣ ባልደረቦቼ ሞሉ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ሞላ። አሥር ተኩል ላይ በሩ ክፍት ነው ወይ የሚል ጥያቄ የለበትም። ማታ አነበበ ወይ የሚል የለበትም። ያ ያልተፈታ ካርቶንም የትም ሳጥን ውስጥ የለም።

በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። የዚያን ጊዜውን እዚህ አልተርክም፤ ሌላ ጽሑፍ ነው፣ ምናልባትም የማልጽፈው። ወጣን። ስንመለስ ግቢዎቹ ተዘርፈው ነበር፤ የወሎ ሰው ያየውን አይቷል። ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ አልተመለሱም። ዝውውር የጠየቀ አለ፣ አገር የለቀቀ አለ። ቤቶች ባዶ ሆኑ። የድልድል ማስታወቂያ ወጣ።

አንዳንዴ ይከብደኛል። እኔ ቤት ያገኘሁት ሰዎች ስላልተመለሱ ነው።

ድልድሉ በነጥብ ነው። የትምህርት ማዕረግ ነጥብ አለው፣ የአገልግሎት ዘመን ነጥብ አለው፣ ቤተሰብ ነጥብ አለው፣ ኃላፊነትም። ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ፕሮፌሰሩም ረዳት ምሩቁም አንገቱን አስግጎ ያነባል። ከዚያ ቅሬታ ይጎርፋል። ሁለተኛ ልጁ ከማመልከቻው ቀን በኋላ በሦስተኛው ቀን የተወለደ ሰው አውቃለሁ። ለኮሚቴው የልደት ካርዱን ይዞ ሄደ። «ፅንሱም ቤተሰብ ነው» ብሎ ተከራከረ። ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም። በግማሽ ነጥብ ነበር የቀረው።

እኔ በመጨረሻዎቹ ነጥቦች ገባሁ። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ቁልፍ ተሰጠኝ ማለቴ ለወጉ ነው፤ በሩ መቆለፊያ አልነበረውም፣ ተነቅሏል። ቧንቧውም እንደዚያው። በራሴ ገንዘብ አስገጠምኩ። ውሃ አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም ከመጣ። ከላይ ያለን ሰዎች የውሃ ድምፅ እንቅልፍ ውስጥ ሆነን እንለያለን።

ቢሆንም ከቤቴ እስከ ቢሮዬ ሰባት ደቂቃ ነው። በእግር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምን እንደሠራሁ ልንገራችሁ? ተኛሁ። ለምርምር አይደለም፣ ለንባብ አይደለም፤ የዓመታት እንቅልፍ ነበረብኝ። ከዚያ አንድ ቀን ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ራሴን አገኘሁት። ማንም አልጠራኝም። ተማሪ ገባ፣ ሌላ ተማሪ ገባ። ካርቶኑ ተፈታ። መረጃው አርጅቷል፤ ግን ከውስጡ አንድ ጽሑፍ ወጣ፣ ታተመም።

የዚያ ዓመት ውጤቴ ከመቶ 93።

አዎ፣ በአንድ ቀነሰ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የማኔጅመንት ተማሪዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ እንደ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ያሉ ነገሮች ሲጓደሉ ሰውን ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን ቅሬታውን ያጠፋሉ እንጂ ትጋት አይሰጡም ይላል። ከፊሉን እቀበላለሁ። እኔም ቤት ስላገኘሁ ሥራዬን ይበልጥ አልወደድኩትም፤ ድሮም እወደዋለሁ። የተሰጠኝ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ምን እንዳደረግኩበት ሌላ ጉዳይ ነው። ጎረቤቴ ያው ሰዓት ተሰጠው፤ የግል ኮሌጅ የማታ ክፍል ጨመረበት። አልፈርድበትም፣ ሦስት ልጅ አለው።

በ2015 ዓ.ም ኅዳር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የሚነሳው ጥያቄ ደመወዝ ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ ግን ወሬው ሁሉ ኪራይ ነበር።

አሁን ወደ ልጅቷ መጠይቅ ልመለስ፤ ሙያዬ ስለሆነ ማለፍ አልቻልኩም። ሐሳቧ ቤት ያላቸውንና የሌላቸውን አወዳድራ ልዩነቱን ማየት ነው። ልዩነት ታገኛለች፤ እርግጠኛ ነኝ። ቤት ያላቸው ብዙ ያሳትማሉ፣ ብዙ ያማክራሉ። ግን ነጥቡን አስቡት። ቤት የሚያገኘው ማን ነው? ማዕረግ ያለው፣ ዘመን የቆጠረ። ዶክተሮቹ የሚያሳትሙት ቤት ስላገኙ ነው ወይስ ቤት ያገኙት ስላሳተሙ ነው? መጠይቁ ይህን አይለይም። ቤቱ የሠራውንና ቤቱን ያስገኘውን አደባልቆ ይቆጥራል።

ስለዚህ በጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፍኩላት። ሁሉንም አታወዳድሪ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቤት ያገኙትንና ያላገኙትን የሚለየውን መስመር ፈልጊ። ከመስመሩ በላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ሰዎችና ከመስመሩ በታች ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ውሰጂ። በማዕረግም በአገልግሎትም ያው ናቸው፤ የለያቸው ግማሽ ነጥብ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ እይ። ቤቱ የሠራው እዚያ ላይ ይታያል። ስጽፈው ያ ባለ ፅንሱ ሰውዬ ትዝ አለኝ። እሱ ከመስመሩ ሥር ነበር፣ እኔ ከላይ።

ሌላም ጻፍኩ። ስለ ትዳር ጓደኛ ጠይቂ። ምክንያቱም ሐረጎ የትም አልሄደም። አሁን የምትወርደውና የምትወጣው ባለቤቴ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፍ ላይ ያለችው እሷ ናት። የኔ ሰባት ደቂቃ ከእሷ ሁለት ሰዓት ላይ የተቆረሰ ነው። የኔ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ውስጥ እሷ የለችም፤ የእሷ መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህን አይጠይቅም። አንድ ቀን ደክሟት ስትገባ «የናንተ ግቢ ለኔም የሰዓት ፊርማ ይያዝልኝ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ግቢ ውስጥ መኖር ራሱ ነፃ አይደለም። የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ ከሥሬ ነው የሚኖረው። ልጆቻችን አብረው ይጫወታሉ፣ ሚስቶቻችን ቡና ይጠራራሉ። ስብሰባ ላይ እሱን ተቃውሜ እጄን ሳወጣ ቡናው ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ እጄን አወርዳለሁ። ዋናው ግን ቤቱ የኔ አለመሆኑ ነው፤ የወንበሬ ነው። ሥራ የለቀቀ ቤቱንም ይለቃል። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ አንድ አዛውንት ጓዛቸው አይሱዙ ላይ ሲጫን አይቻለሁ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ግቢ ውስጥ ስለኖሩ የትም ቤት አልሠሩም። ሶፋቸው ዝናብ እየዘነበበት ነበር የተጫነው። አሁን እኔም የቤት ማኅበር ስብሰባ ላይ እገኛለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ቤት አብሮ ይታሰብ የነበረበት ጊዜ ነበር። ሐረማያ፣ ያኔ ዓለማያ፣ በ1940ዎቹ ከከተማ ርቆ ሲቆረቆር መምህራኑ እዚያው ነው ቤት የተሠራላቸው። ሌላ አማራጭም አልነበረም። በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከሁለት ተነስተው ከ40 በላይ ሲሆኑ ቅድሚያ የተሰጠው ለመማሪያ ክፍልና ለተማሪ ማደሪያ ነው። መምህሩ ከተማ ውስጥ ተከራይቶ ይኖራል ተባለ። ከተማው ግን አልተጠየቀም።

ሰኞ ልጅቷ ስትመጣ መጠይቁን ሰጠኋት። ተራ ቁጥር 7 ላይ «ለመወሰን እቸገራለሁ» የሚለውን ነው ያከበብኩት። ጀርባውን ገልብጣ የእርሳሱን ጽሑፍ አየችና ተነፈሰች።

«መምህር፣ አማካሪዬ ይሄን ሁሉ አይቀበሉኝም።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ» አልኳት። «የጠየቅሽው ማንን ነው?»

መምህራንና የቢሮ ሠራተኞችን ነው። የተማሪዎች ካፌ እንጀራ ጋጋሪዎቹ ዝርዝሯ ውስጥ የሉም። የድልድሉ ውድድር ውስጥም ገብተው አያውቁም። ግቢ ውስጥ ቤት ቢኖራቸው ከማንም በላይ ለውጡ ሥራቸው ላይ የሚታይባቸው ግን እነሱ ናቸው። ለብዙ ሺህ ተማሪ የሚሆን እንጀራ የሚጋገረው እኛ ተኝተን ነው። ከከተማ ዳር ተነስተው፣ በጨለማ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ዱላ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ሌሊት ውሃ ልቀዳ ስነሳ በመስኮት አያቸዋለሁ።

ልጅቷ አስባበት ደብተሯን አወጣች። «መቼ ነው የማገኛቸው?»

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ሳቀች። «መምህር ደግሞ! እኔ የምኖረው ሰኞ ገበያ ነው። በዚያ ሰዓት በምን እመጣለሁ?»